ቆማ አትዋል

ጥቅምት 11

ለነፋስ ሰፋሪው ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ያ የአየር ጠባይ ጣቢያህ ያለበት ተራራ ላይ ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ እንደማታምነኝ ስለጻፍክልኝ ግን ዛሬ ደህንነቴን አላረዝመውም።

ከዚያ ሁሉ ወሬ መሀል ያቺን አንዲት ነገር መዝዘህ መያዝህ ገረመኝ። አዎ፣ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ ብያለሁ። ድሮ የምጽፍልህ በምሳ ሰዓት፣ ማሽኔ እስኪበርድ ጠረጴዛው ላይ ተደግፌ ነበር። አሁን ቀኝ እግሬን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅዬ ነው። ከጉልበቴ በላይ ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚቴ አንድ ሥር እንደ ገመድ ተወጥሮ ወጥቷል። ጠዋት ጠዋት ደህና ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሰው እግር ተሸክሜ የምዞር ይመስለኛል። ቁርጭምጭሚቴ አካባቢ ቆዳው ጠቁሮ ያሳክከኛል። እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ ከዚያ ሆነህ የምታደርገው ነገር ስለሌለ ነው። አሁንም የለም። ከጠየቅክ ግን ምን ላድርግ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ላውንደሪ ውስጥ ቆሜ የሆቴል አንሶላ ስተኩስ፣ እግሬ ዝም ብሎ ይኖራል ብዬ ነበር መሰለኝ። ዶክተሯ በአልትራሳውንድ አይታ እንዲህ አለችኝ፦ ደሙን ወደ ላይ በሚመልሰው ሥር ውስጥ ትንንሽ በሮች አሉ፤ የአንቺዎቹ መዝጋት ትተዋል፤ ስለዚህ ወደ ላይ የወጣው ደም ተመልሶ ይወርዳል፣ እዚያው ይጠራቀማል። ከዚያ «ምርጫው ብዙ ነው» ብላ አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ። ሁለት ዓይነት ሌዘር አለ፣ መርፌ አለ፣ ቀዶ ሕክምና አለ፣ ዝም ብሎ ጥብቅ ካልሲ ማድረግም አለ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ሦስት ጊዜም ሌላ ነገር መረጥኩ። አክስታችን ደግሞ «በቅባት አሽተሽ ተይው» ትላለች፤ እሷ ለሁሉም ነገር ቅባት ናት።

አብራኝ የምትሠራዋን ቀጭኗን ታውቃታለህ፣ ማጠቢያው ላይ ያለችውን። እሷ ጭኗ ላይ የሸረሪት ድር የመሰሉ ቀያይ ሥሮች ነበሯት፤ በምሳ ሰዓት ሄዳ ከላይ ከላይ በሌዘር አስነክታ ተመለሰች። ግማሽ ሰዓት! አሁን ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ ነው። የእኔም ድር ብዙ ነው፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ ያለው እሱ ላይ ነው። ደግሞ ፈቃድ አያስጠይቅም።

ወረቀቱን ልኬልሃለሁ። የተማርከው አንተ ነህ፣ አንተ ምረጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ አትርሳ፤ ያ ማሽን ተቀምጠው የሚሠሩበት አይደለም። እግሬ ከሄደ ማሽኑም ሄደ።

እህትህ

———

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ያመጣው መኪና ይኸው ደጄ ላይ ውኃ እያራገፈ ነው። እንደምታውቂው በሁለት ሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ሾፌሩ በርሜሎቹን አውርዶ እስኪጨርስ ካልጻፍሁልሽ አሥራ አራት ቀን ልጠብቅ ነው። ስለዚህ ጽሕፈቴ ቢያስቀይምሽ ይቅር በይኝ።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከላይ የሚነካው ሌዘር ለቀጫጭኖቹ ነው፤ መልክ ያሳምራል። የአንቺ ችግር ግን ከውስጥ ነው። ትልቁን ሥር ትቶ ድሩን ማጥፋት፣ የሚያፈስ ጣሪያ ትቶ ግድግዳ ቀለም መቀባት ነው። ካልሲው ብቻውን ያስታግሣል እንጂ አያድንም። ቀዶ ሕክምናው ሥሩን ጎትቶ ማውጣት ነው፤ ከሌላው ይልቅ ያስተኛል። መርፌውን ወረቀቱ ለመካከለኞቹ ነው የሚለው። ሁለተኛው ሌዘር ግን ቀጭን ክር በሥሩ ውስጥ አስገብቶ ከውስጥ በሙቀት ይዘጋዋል፤ ደሙ ሌላ መንገድ ፈልጎ ይሄዳል። እኔ የምመርጥልሽ ይህንን ነው። ይህንን አድርጊ፤ ድሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሳትነግሪኝ መክረምሽ ግን አንጀቴን በላው። የማደርገው ነገር የለም ማለትሽ እውነት ነው፤ እውነት መሆኑ ነው የባሰው። እዚህ የምሠራው ነፋሱ በዚህ በኩል ነፈሰ፣ ዝናቡ ይህን ያህል ወረደ ብሎ በሬዲዮ ማሳወቅ ነው። አንድም ቀን ነፋስ አቁሜ አላውቅም።

ለዶክተሯ ቀኑን ሙሉ የምትቆሚ መሆኑን ነግረሻታል? ሾፌሩ እየጠራኝ ነው።

ወንድምሽ

———

ጥቅምት 26

ወንድምዬ፣

ነግሬያታለሁ፣ አትጨቅጭቀኝ። «ቆመሽ ነው የምትሠሪው?» አለችኝ፣ «ታዲያ አንሶላ ተኝቶ ይተኮሳል?» አልኳት። ሳቀች። ጥሩ ልጅ ናት።

በመረጥከው ተስማምታለች፤ እንዲያውም «ወንድምሽ ሐኪም ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነፋስ ይሰፍራል አልኳት። ቀኑ ኅዳር 8 ነው። ተኝተሽ አታድሪም፣ በእግርሽ ትሄጃለሽ ብላኛለች። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ሳምንት አንድ ቦታ ቆሞ መዋል ክልክል ነው።

ሦስት ሳምንቱን ለአለቃው ስነግረው አፉን ከፍቶ ቀረ። «ለአንድ እግር ሦስት ሳምንት! ሁለቱም ቢሆኑ ስድስት ልትይኝ ነበር?» አለኝ። አዎ አልኩት። በመጨረሻ ፈቀደ፤ ሲፈቅድ ግን ዓይኑ ማሽኔን እያየ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያ ማሽን ላይ ሌላ ሰው ቆሞበት አያውቅም። አንዴ ትኩሳት ይዞኝ እንኳ ሄጃለሁ። ይኼ ነው የሚያስፈራኝ፣ ሌዘሩ አይደለም።

እንደምትጠይቀኝ ስለማውቅ ደግሞ፦ ብቻዬን አልሄድም፤ አክስታችን አብራኝ ትሄዳለች። ቅባቷን ይዛ እንዳትመጣ ነግሬያታለሁ።

እህትህ

———

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

እትዬ፣

መኪናው ዛሬ ችኩል ነው፣ ዝናብ እየመጣ ነው። ይህ ከኅዳር 8 በፊት ደርሶሽ እንደሆነ፣ ፈጣሪ ካንቺ ጋር ይሁን። ከዚያ በኋላ ደርሶሽ ከሆነም፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ከጨረሱልሽ በኋላ ወረቀቱ «መራመድ» ይላል፣ ከሥሩም አስምሮበታል።

ወንድምሽ

———

ኅዳር 12

ወንድምዬ፣

እንኳን አብሮ ደስ አለን! አለቀ። ነቅቼ ነበር፤ ጥቁር መነጽር አደረጉልኝ፣ ዶክተሯ እያዋራችኝ ጨረሰችው። የማደንዘዣው መርፌ ብቻ ነው ያመመኝ፤ ስለሱ አልጽፍልህም፣ አንተ መርፌ ሲነሳ እንኳ እንደምትገረጣ አውቃለሁ። ያ ገመድ አሁን ሟሟ፣ ጠፍጣፋ ሆነ። ዳስሼ ዳስሼ አልጠግብ አልኩ።

የምትጠይቀኝን ሁሉ አውቄ ቀድሜ ልመልስ። እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ የእመቤት ኑሮ ይዣለሁ። ይኸው አራተኛ ቀኔ ነው፣ አክስታችን ከአልጋዬ ላይ አታወርደኝም። እግሬን መሬት ባስነካሁ ቁጥር «ሥሯን በእሳት አቃጥለውላት ትነሣለች እንዴ!» እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ትጠራብኛለች። ተራመጂ ብለውኝ ነበር ብላትም «እነሱ ምን ቸገራቸው» ነው መልሷ። እኔም ልዋሽህ አልችልም፣ አልጋው ጥሞኛል። በሕይወቴ አራት ቀን ተከታትዬ ተኝቼ አላውቅም።

የሰጡኝ ጥብቅ ካልሲ ግን የሰው ነገር አይመስልም፤ ለማድረግ ግማሽ ሰዓት ትግል ነው። በሁለተኛው ቀን ላብ ላብ ሲለኝ በፈላ ውኃ አጠብኩትና የተጨማደደ ነገር ማድረግ አልወድም፣ ታውቀኛለህ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ በቤት ካውያ ቀጥ አድርጌ ተኮስኩት። ብታየው እንደ ሸሚዝ ኮሌታ ነው የሆነው! አሁን ሰተት ብሎ ይገባል፤ እንዲያውም አንዳንዴ ራሱ ይወርዳል። ምስጢሩ ይኸው ነበር ለካ።

ማሽኔን እያሰብኩ ነው እንጂ ሌላ ምንም አልጎደለኝም።

እህትህ

———

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

እትዬ፣

ተነሺ። ይህን ስታነቢ ተኝተሽ ከሆነ፣ አንብበሽ ሳትጨርሺ ተነሺ።

ያ ካልሲ ጥንካሬው ላስቲኩ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ «በሙቅ ውኃ አይታጠብ፣ አይተኮስ» ተብሎ ተጽፏል። ወረቀቱን ደግሞ እኔ ዘንድ ልከሽዋል! እኔም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ይዤው ተቀምጫለሁ። ይኸው በዚህ ፖስታ ውስጥ መልሼልሻለሁ። ካልሲው አሁን ተራ ጨርቅ ነው፤ ሌላ ውሰጂ። መተኛት ደሙን ያረጋዋል። ስትራመጂ የባትሽ ሥጋ ደሙን ይገፋዋል፤ ለዚህ ነው ተራመጂ ያሉሽ። መራመድ እንጂ ቆሞ መዋል አይደለም። በቤት ውስጥ፣ በደጅ፣ ሩብ ሰዓት ሩብ ሰዓት። ስትቀመጪ እግርሽን ከፍ አድርጊ።

ይህ ደብዳቤ እስኪደርስሽ አራት ቀን እንደሚፈጅ ሳስብ መታገሥ አልቻልሁም። ሬዲዮው ለአየር ዘገባ ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ። ለሞትና ለድንገተኛ ሕመም አሥር ቃል ይፈቀዳል፣ ከዚያ በላይ አይቀበሉም። ዘገባዬን ጨርሼ የሚቀበለኝን የማእከሉን ሠራተኛ ለመንሁት፤ አንቺ ቤት ስልክ ስለሌለ በላውንደሪው ስልክ ለአለቃሽ እንዲያደርስ አስጻፍሁት፦

«እህቴ መተኛት ይበቃታል። ዛሬውኑ ከአልጋ ትነሣ። አዲስ ካልሲ ታድርግ። ወንድሟ።»

ልክ አሥር ነው። ከሰዓት በፊት ደወልሁ ብሎኛል። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር ያደረግሁ መሰለኝ።

ወንድምሽ

———

ኅዳር 23

ወንድምዬ፣

መልእክትህ በዚያው ማክሰኞ ደረሰኝ። አለቃው ራሱ ቤት ድረስ መጣ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ደጄን ረግጦ የማያውቅ ሰው! ወረቀት ላይ የጻፈውን አክስታችን ፊት ጮክ ብሎ አነበበው። «ወንድምሽ የመንግሥት ሰው ነው፤ እሱ መተኛት ይበቃታል፣ ትነሣ ካለ እኔ ማን ነኝ የማስተኛሽ?» አለኝ። አክስታችን እንኳ ጫማዬን አቀበለችኝ። በማግሥቱ ጠዋት ማሽኔ ላይ ነበርኩ።

አትቆጣ። ደብዳቤህ ቅዳሜ ሲደርሰኝ መራመድ እንጂ መቆም አይደለም የምትለውን አንብቤያለሁ። ግን ምን ልበል? አራት ቀን ከሠራሁ በኋላ ተመልሼ «ወንድሜ እንዲያ ማለቱ አይደለም» ልበለው? ሦስቱን ሳምንት ገና ሳልጨርስ ያስመለሰኝ ያንተ ቃል ነው፤ እሱን ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። እንደ ድሮው አንድ ቦታ ተተክዬ ግን አልቆምም፤ በየመሀሉ ወደ ማጠቢያው ደርሼ እመለሳለሁ። አዲሱ ካልሲ እኔን የሚልክ ቁጥር አልተገኘም፣ ይመጣል ብለውኛል።

ስለ እግሬ ብትጠይቀኝ ሥሩ ተኝቷል። ባቴ ብቻ ትንሽ አብጧል፣ ይሞቃል። ግራው እንደ በፊቱ ነው። ቀጭኗ ዳስሳ «ይኼ ነገር አላማረኝም» አለችኝ፤ እሷ ደግሞ ምን የሚያምራት ነገር አለ። ከሕክምናው በኋላ ያለ ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ስለ ሬዲዮው አመሰግንሃለሁ። ለእኔ ብለህ የማትለምነውን ሰው ለመንክ።

እህትህ

———

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

እትዬ፣

ዛሬ፣ አሁን፣ ሆስፒታል ሂጂ። አንድ ባት ብቻ አብጦ ከሞቀ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ያለው የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ በቀይ ነው የተጻፈው። የረጋው ደም ተነሥቶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። እግርሽን አትሺው፣ አክስታችንም እንዳታሸው። ማሽኑን ተይው። አለቃሽን ወንድሜ ውሸታም ነው በይው፣ እብድ ነው በይው፣ የፈለግሽውን በይው።

ይህን የምጽፈው ኅዳር 23 ለጻፍሽው ነው። ስምንት ቀን አልፎታል። ይህ እስኪደርስሽ አሥራ ሁለት ይሆናል። የምጮኸው ለማን እንደሆነ አላውቅም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ሬዲዮውን ሞከርሁ። ባለፈው መልእክቴ ምክንያት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፤ ሞትም ድንገተኛ ሕመምም አልነበረም ብለዋል። ሠራተኛው «እንጀራዬን ልታሳጣኝ ነው?» አለኝ። እግሯ አብጧል አልሁት። «ያበጠ እግር ድንገተኛ ነው?» ብሎ ዘጋው። ተመልሼ ብጠራው አልመለሰም፤ በዘገባ ሰዓት የነፋሱን ልክ ብቻ ተቀበለኝ።

ሾፌሩ ስልክ ያለበት ከተማ ሐሙስ ይደርሳል። ቁጥሩን እጁ ላይ ጽፌለታለሁ። ከመኪናው ጋር ልወርድ ነበር፤ ጣቢያውን ያለ ተተኪ መተው አይቻልም፣ ደግሞም ብወርድ ከሐሙስ በፊት ምን አደርግልሻለሁ?

እባክሽ ሂጂ። ሄደሽ ከሆነም ይህን ሁሉ እንዳልጻፍሁት ቁጠሪው።

ወንድምሽ

———

ታኅሣሥ 9

ወንድምዬ፣

አለሁ። መጀመሪያ ይህን ልበልህና ተንፍስ፤ ሌላውን ቀስ ብለን።

ሾፌርህ ሐሙስ ደውሎ ነበር። ስልኩን ያነሣው አለቃው ነው፣ «ሆስፒታል ከገባች ሰነበተች» ብሎ ዘጋው። ሾፌርህ ግን ያንተን ደብዳቤ ሆስፒታል፣ አልጋዬ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ፤ ሲያየኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ምን ብለህ እንደነገርከው እንጃ።

የምትፈራውን ካንተ ደብዳቤ በፊት ሆኜው ነበር። ኅዳር 28 ጠዋት ትንፋሽ አጠረኝ። አንሶላ በእጄ እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ቀጭኗ ናት ታክሲ ጠርታ የወሰደችኝ፤ የለበሰችው የፕላስቲክ ሽርጥ እንኳ ሳይወልቅ። ባቴ ውስጥ ባለው ጥልቁ ሥር ደም ረግቶ ነበር፤ ትንሽ ቁራጭ ወደ ሳንባዬ ሄዳለች። አሁን ደም ማቅጠኛ እየወሰድኩ ነው፤ ስድስት ወር ልወስድ ነው። ትናንት ወጥቼ ቤቴ ገብቻለሁ።

ጥፋቱ የየትኛው ነው ብለህ እንደምትጠይቀኝ ስለማውቅ ዶክተሯን ቀድሜ ጠይቄልሃለሁ። ዘጠኝ ቀን መተኛቴም፣ አሥር ቀን ቆሜ መዋሌም፣ ካልሲውም ሊሆን ይችላል፣ ምንም ሳይደረግም የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ ለይቶ መናገር አይቻልም አለችኝ። ስለዚህ አትለየው።

ሌዘሩ ሥራውን ሠርቷል፤ ትልቁ ሥር እንደተዘጋ ነው። ጥልቁ ግን ተጎድቷል፤ እግሬ ማበጡን ሙሉ በሙሉ ላይተው ይችላል። የሸረሪት ድሮቼም በሰላም አሉ። መድኃኒቱ እስኪያልቅ አይነኩም ተብያለሁ። ቀሚሴን ማሳጠሩ ቀረ፤ ለነገሩ በዚህ ዕድሜዬ።

ስለ ሥራ አትጠይቀኝ፣ ገና ነው።

እህትህ

———

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ

እትዬ፣

ተመስገን። ደብዳቤሽን ሳልከፍት ብዙ ቆየሁ። በፖስታው ላይ ያለው ጽሕፈት ያንቺ መሆኑን ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ነው የከፈትሁት።

አትለየው ብለሻል፤ እኔ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለየው ከርሜያለሁ። ያን መልእክት ሳስጽፍ መጀመሪያ አሥራ ሁለት ቃል ነበር። «ቆማ አትዋል» የሚል ነበረበት። ሠራተኛው «ሁለት በዝቷል፣ ቀንስ» አለኝ። እኔም ያንን ቀነስሁ። አየሽ፣ «ዛሬውኑ» የሚለውን መቀነስ እችል ነበር። «ወንድሟ» የሚለውንም። ማን እንደላከው አንቺ ትስቺው ነበር? ስሜ እንዲኖርበት ፈልጌ ነው። የሆነ ነገር ያደረግሁት እኔ መሆኔ እንዲታወቅልኝ ፈልጌ ነው።

ሌዘሩን የመረጥሁት እኔ፣ ወረቀቱን ይዤ የቀረሁት እኔ፣ ወደዚያ ማሽን የመለስሁሽም እኔ። ካንቺ እግር ላይ እጄን ባነሣ ይሻልሽ ነበር። ምነው ዝም ባልሁ ኖሮ!

ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ተተኪ ሲገኝ ብለውኛል። መቼ እንደሚገኝ ብጠይቅ «ማን ይወጣል እዚያ» ብለው ሣቁ።

ስለ ሥራ አትጠይቀኝ ያልሽኝን እጠይቃለሁ። ሆድ ይፍጀው ብለሽ አትተዪኝ። መልእክቱ ባይደርስ ኖሮ ያን ቀን ትሄጂ ነበር ወይ? እውነቱን ንገሪኝ።

ወንድምሽ

———

ታኅሣሥ 22

ወንድሜ፣

ለአንተ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ዛሬ ደጁን ሦስት ጊዜ ዞሬያለሁ፣ እየቆጠርኩ። አክስታችን ከኋላዬ ወንበር ይዛ ትከተለኛለች፣ ድንገት ብትወድቅ ብላ። ሰው ሲያየን የሰርከስ ተጫዋቾች ነው የምንመስለው።

የጠየቅከኝን ልመልስ። አለቃው ቀጭኗን ማሽኔ ላይ እንዳቆማት የሰማሁት በተኛሁ በስድስተኛው ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ አልጋው እሾህ ሆኖብኝ ነበር። ስለዚህ አዎ፣ ያንተ ቃል ባይመጣም እሄድ ነበር። ያን ቀን ባይሆን በማግሥቱ፣ ማንም ሳይጠራኝ። «ቆማ አትዋል» ብለህ ብትልክስ? አለቃው ያቺን ቃል አያነባትም ነበር፤ ቢያነባትም እኔ አልሰማትም ነበር።

ይህን የምልህ እውነት ስለሆነ ነው ወይስ አንተ እንቅልፍ እንዲወስድህ? ብዙ አሰብኩበት፣ እኔም አልለየሁትም።

ሌላም ልንገርህ፣ እውነቱን ካልክ አይቀር። ሆስፒታል በገባሁ በሁለተኛው ቀን ረግሜሃለሁ። «ምነው ያን ቀን ሬዲዮው በተበላሸበት» ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ከጎኔ የተኛችው ሴት ደንግጣ አየችኝ። ወዲያው ደግሞ እዚያ ብርድ ላይ ሆነህ ያን ሰው ስትለምን ታየኝና አለቀስኩ። ሁለቱንም ያደረግኩት በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ይቅር በለኝ አልልህም፣ አንተም አትበለኝ። እንዲህ ሆነን ቀረን፣ ሌላ ምን እንበል?

ሰኞ ሄጄ ነበር። አለቃው ክፉ ሰው አይደለም፤ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ከበሩ ጀምረን ተቀምጬ የምሠራው ሥራ ፈለግን፤ ፎጣ ማጠፊያው ቆሞ ነው፣ መቀበያው ቆሞ ነው፣ መስቀያው ቆሞ ነው። ሁለታችንም ቤቱን ዞረን አየነው፣ አንድም የሚቀመጡበት ቦታ የለም። «አንቺው ንገሪኝ» አለኝ።

ቀጭኗ ማሽኑ ላይ ናት። እኔን ስታይ ልትለቅልኝ ወደ ኋላ አለች። «ቁሚ» አልኳት። አንሶላውን ስትዘረጋ ጠርዙን ታጥፈዋለች፤ መጀመሪያ ጠርዙን፣ ከዚያ መሀሉን ብዬ አሳየኋት። በየሩብ ሰዓቱ እስከ በሩ ሄደሽ ተመለሺ አልኳት፤ እሺ አለችኝ። የምትሄድ አይመስለኝም።

ከእንግዲህ ደብዳቤህን በላውንደሪው አድራሻ አትላክልኝ። በአክስታችን ስም አድርገው።

እህትህ